ያሳለፍነው ተራ

የገና ሰሞን በደረሰ ቍጥር ተማሪ ለተማሪ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዶሮው፥ ስለ ጠላውና ስለ ገና ጨዋታው ነው። እኛም ይህን ሁሉ የምንወድ ነን፤ በሩር የተመታው ቅልጥማችን ምስክር ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ግን ከበዓሉ በፊት ስላሉት 44 ቀኖችና በእነዚያ ቀኖች ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ስለ ፈጸምነው አንድ ጥፋት ነው። ጥፋቱን የምናወጣው ትሑት ለመባል አይደለም፤ ከኋላችን የሚመጡት ወንድሞችና እኅቶች በዚያው ድንጋይ እንዳይደናቀፉ ብለን ነው።

እኛ ሰባት ነን። ያን ጊዜ ሁላችንም አዲስ አበባ ላይ እንማር ነበር፤ ተወላጅነታችን ግን ከጎጃም ደጋ ነው። ሁለታችን የደብረ ማርቆስ ከተማ ልጆች ነን፤ የቀረነው ከጎዛምንና ከጮቄ ተራራ ግርጌ፥ ከስናን ገጠር የመጣን ነን። ደብረ ማርቆስ ዱሮ መንቆረር ትባል እንደ ነበረና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም እንደ ተጠራች ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ከተማው በቤተ ክርስቲያን ስም በሚጠራበት አገር ያደገ ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ መገመት አያስቸግርም። ደብተርና ብርድ ልብስ ይዘን ወጣን፤ ከዚያም ጋር ጾሙንና በዓሉን ይዘን ወጣን።

በአገራችን ክርስትና ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም። ሰው በግሉ ሊጸልይ፥ በግሉም ሊሰግድ ይችላል፤ ነገር ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበቴ ቤት ካልገባ፥ በወሩም ከማኅበርተኞቹ ጋር ጽዋ ካልጠጣ፥ ጎረቤቱ «ምን ነካው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለማያውቁት ጓደኞቻችን ለመግለጽ ያህል፥ ሰንበቴ ማለት የአንድ አጥቢያ ምእመናን ተራ ገብተው እሑድ እሑድ ዳቦና ጠላ እያመጡ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ካህናቱን፥ የቆሎ ተማሪውንና ነዳያኑን አብልተው ራሳቸውም አብረው የሚቀምሱበት ሥርዐት ነው። የጽዋ ማኅበር ደግሞ በአንድ ቅዱስ ስም ወር በገባ ቍጥር ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት የሚዞር ነው። ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቍጥር 12 ሆነው ይመሠርቱታል፤ አለቃቸው «ሙሴ» ይባላል፤ ካህኑ ይባርካል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው ወሩን ሙሉ አደራ እንዳለበት ሰው ሆኖ ይሰነብታል። ድኻ ቢሆን ከልጆቹ አፍ ቀንሶም ቢሆን እህል ያስቀምጣል፤ ሀብታምም ቢሆን በተራው ካልሆነ በቀር አልፎ መደገስ አይችልም።

ትምህርት ፍለጋ ከቤቱ የወጣ የጎጃም ልጅም ከጥንት ጀምሮ ብቻውን አልኖረም። ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሊቆጥር የሄደ የቆሎ ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ጎጆ እያደረ፥ ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል። ከጎዛምን የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት ያደጉት በዚሁ በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። እንግዲህ የእኛ አያቶች በለበሱት ደበሎ ያላፈሩበትን አብሮነት እኛ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ለምን እናፍርበት ብለን ተመካከርን።

ስለዚህ አዲስ አበባ በገባን በሁለተኛው ዓመት፥ መስከረም 21 ቀን 2010 ዓ.ም. በእመቤታችን ስም የጽዋ ማኅበር ጀመርን። ሰባት ስለ ሆንን በሐዋርያት ቍጥር መጀመር አልተቻለንም። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠንን ሙሴ ብለን ሾምን። ተረኛው ዳቦ ይገዛል፤ በአቅራቢያችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ካህን አስባርኮ ያመጣል፤ በጠላው ፈንታ ሻይ ይፈላል፤ ጽዋችንም አንዲት እጀታዋ የተሰበረ የሸክላ ኩባያ ነበረች። በኩባያዋ የሚሥቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በወር አንድ ማታ አገራችን ገብተን የወጣን ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ። ጾመ ነቢያት፥ በተለምዶ የገና ጾም የምንለው፥ ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ነቢያት የአዳኙን መምጣት በጾምና በጸሎት ይጠባበቁ እንደ ነበረ ለማሰብ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይጾማል። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን በሚውልበት ዓመት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ብንቆጥር 44 ቀን ይሆናል። ጳጕሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. የዋለው እንደዚያ ነው።

በአገር ቤት ይህ ጾም ከባድ አይደለም። ጾመኛ ያልሆነ ስለሌለ፥ ጾምን ለመሻር የሚፈልግ ሰው እንኳ ከማን ጋር እንደሚሽር ግራ ይገባዋል። እናት ወተቱን ንጣ ቅቤውን ለበዓል ታስቀምጣለች፤ ድስቱ ሁሉ የሽሮና የጎመን ነው፤ ታኅሣሥ የውቂያ ወር ስለ ሆነ ሰዉ በአውድማ ላይ ይውላል፤ ሕፃናቱም ሳይቀሩ በዓሉን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ጾሙን የሚጾመው አገሩ ነው፤ ሰውየው ከአገሩ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ ብቻውን አይታገልም።

በከተማ ግን በዓሉ ጾሙን ቀድሞ ይመጣል። እንደሚታወቀው የአውሮፓውያን ገና በዚያ ዓመት የዋለው በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ አዲስ ዓመታቸውም ታኅሣሥ 23 ነበር። ይህ የሆነው እኛ ሌላ ልደት ስላለን አይደለም። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠርና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል በአሁኑ ዘመን 13 ቀን ልዩነት ስላለ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ግን ሆድን አያጽናናም። ጾሙ ገና በእኩሌታው ሳለ በሱቁ መስኮት መብራት ይብለጨለጫል፤ በየምግብ ቤቱ ዘፈኑ ይደምቃል፤ ግብዣውም ይበዛል። የአገራችን ሰው በጾም መካከል የሌላውን በዓል ሲያይ፥ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሰው ሠርግ እንደሚመለከት መንገደኛ ይሆናል።

በዚያ ዓመት ጾሙ እንደ ገባ፥ የታሪክ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወሬ ይዞልን መጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1729 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ጆን ዌስሊና ወንድሙ ቻርልስ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አብረው መጽሐፍ ያነባሉ፤ እስረኞችን ይጠይቃሉ፤ ለድኾች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከዚህም በቀር በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ልማድ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ረቡዕና ዓርብ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት! እኛ የአያቶቻችንን ጾም በኦክስፎርድ ስናገኘው ከመቀመጫችን ተነሣን። የቀሩት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ግን ይሥቁባቸው ነበር። ሁሉን ነገር በሥርዐትና በሰዓት ስለሚያደርጉ «ሜቶዲስት» የሚል የፌዝ ስም አወጡላቸው፤ ትርጕሙም «ሥርዐተኞች» እንደ ማለት ነው። ያ የፌዝ ስም በኋላ በዓለም ሁሉ የተስፋፋ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ስም ሆኖ ቀረ። ሃይማኖታቸው ከሃይማኖታችን የሚለይበት ብዙ ነገር አለ፤ ለማስተያየትም አልተነሣንም። ነገር ግን እንደ እኛ ተማሪዎች ስለ ነበሩና እንደ እኛ ስለ ጾሙ ወደድናቸው። እውነቱን ለመናገር ራሳችንን ከእነሱ ጋር ቆጠርን፤ «በእኛም ቢሥቁብን ግድ የለም» እያልን ተኩራራን። በእኛ የሣቀ አንድም ሰው እንዳልነበረ ልብ አላልንም።

ታኅሣሥ 16 ቀን፥ ማክሰኞ ነበር፥ ከሰባታችን አንዱን የክፍል ጓደኞቹ ለፈረንጆች ገና ወደ አንድ ምግብ ቤት ይዘውት ሄዱ። ማታ ከገባ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ የሆነውን ነገረን። ሥጋ ቀርቦ ነበር፤ ሁሉም በላ፤ ከፋዩ የቸገረውን ሰው ሁሉ የሚረዳ ደግ ልጅ ነበር፤ እምቢ ማለት ሰውየውን መናቅ መሰለው፤ በላ። ነገሩን ሲነግረን የሚጠብቀው ምን ነበር? ምናልባት «አይዞህ፥ ለንስሐ አባትህ ንገር» የሚል ቃል ነበር። ከዚያ የበለጠ ነገር ከእኛ አይፈለግም ነበር።

እኛ ግን ሣቅን። ከመካከላችን አንዱ «ሚስተር! የእናንተ ገና እንዴት አለፈ?» አለው። ቀልዱ ጣፈጠን። በማግሥቱም «ሚስተር» አልነው፤ በሠልስቱም። በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ የሚኖሩ፥ ስሙን እንኳ የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ «ሚስተር» ይሉት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ዓይንም ጆሮም አንደበትም መጾም እንዳለባቸው ታስተምራለች፤ ይህንንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ሥጋ ያልበላን ስድስት ሰዎች አንድ ወንድማችንን በየቀኑ ስንበላው፥ ጾማችንን የሻርን አልመሰለንም ነበር። እንዲያውም ኦክስፎርድን ያነበብን እኛ፥ የፌዝ ስም ማውጣት የማን ሥራ እንደ ነበረ ረሳን።

ለታኅሣሥ 21 ተረኛው ራሱ እሱ ነበር። ኅዳር 21 ቀን ኩባያዋን በሁለት እጁ የተቀበለው እሱ ነው። ቀኑ እሑድ ስለ ነበረ ሁላችንም ክፍላችን ውስጥ ተሰብስበን ጠበቅነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። አንድ ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ሊፈልገው የወጣ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲህ ተራው ይለፈው» አለ፤ ሙሴያችንም ዝም አለ፤ የቀረነውም ዝም አልን። አንዱ ወጥቶ ከሱቅ ዳቦ ገዛ። ኩባያዋ በጓደኛችን ዘንድ ስለ ነበረች ከጠረጴዛ ላይ ሌላ ብርጭቆ አነሣንና ለሚቀጥለው ሰው ሰጠነው። ያን ማታ የጸለይነው ጸሎት ቃሉ ሳይጎድል ተጸልዮአል። ዳቦውም ተበልቷል።

ታኅሣሥ 26 ቀን ዓርብ ስድስታችን ወደ አገራችን ተሳፈርን። እሱ ቀረ። ለምን እንደ ቀረ አልጠየቅነውም፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይኑረው አይኑረውም አላወቅንም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ እንደ ልማዳችን ዘፈን ነበር፤ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣና የደጋው ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ግን አንዱ በቀስታ «እሱ ግን ቀረ» አለ። የመለሰለት አልነበረም።

ከመካከላችን የአንዱ እናት ቤት ከረቡዕ ገበያ አለፍ ብሎ ነው። የሁላችንም እናት ስለሆኑ፥ ወደየቤታችን ከመበተናችን በፊት በዚያ ማደር ልማዳችን ነው። ቅዳሜ ማታ ደረስን። እሑድ ታኅሣሥ 28 ቀን፥ የበዓሉ ዋዜማ፥ ውርጩ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ከቅዳሴ በኋላም እናታችን ወደ ሰንበቴ ቤት ይዘውን ገቡ።

በዚያን ቀን ተረኛዋ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። በዚያ ዓመት ገብሳቸውን ውርጭ እንደ መታው በኋላ ሰማን። ይዘው የመጡት አንዲት ትንሽ ሙዳይ ሙሉ ንፍሮ ብቻ ነበር፤ በነጠላቸው ሸፍነው በእጃቸው ያዟት። እኛ ዓይናችንን የት እንደምናደርግ ጠፋን። ነገር ግን የሰንበቴው ሙሴ ተነሥተው ሙዳይዋን ከሴቲቱ እጅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ከካህኑ ፊት አኖሯት። ከአጠገቧ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦና አንድ ጋን ጠላ ነበረ፤ ማን እንዳመጣው የተናገረ የለም። ካህኑ ባረኩ፤ ሲመርቁም የመረቁት ተረኛዋን በስማቸው ጠርተው፥ ሙታናቸውን አንሥተው፥ ቤታቸውን ባርከው ነው። ዳቦው ሲታደል ሴቲቱ እንደ ማንኛዪቱም ባለ ተራ ቆመው ያስተናግዱ ነበር፤ የቆሎ ተማሪዎቹንና ነዳያኑን «ብሉልኝ፥ ጠጡልኝ» ሲሉ ድምፃቸው አልተቆራረጠም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ስለ ነገሩ እናታችንን ጠየቅናቸው። ዳቦውን ሌሊት የጋገሩት እሳቸውና አንዲት ጎረቤታቸው ነበሩ።

«ታዲያ እማማ፥ ካልቻሉ ተራቸውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይሻልም ነበር?» አልናቸው።

እናታችን የሚፈትሉትን እንዝርት አቆሙ። «ምን ማለታችሁ ነው? ተራዋን ወስደን እሷን የት ልናደርጋት ነው?» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ልጆቼ፥ ዳቦ የማኅበር ነው፤ ተራ ግን የሰው ነው። ዳቦ ቢጎድል እኛ እንሞላለን። ተራውን የተነጠቀ ሰው ግን ተመልሶ ከደጅ አይገባም» አሉን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ከዚያም አንዱ፥ ስም ሳይጠራ፥ ጾም ስለ ሻረ አንድ ማኅበርተኛ ጠየቀ። እናታችን ሞኞች አልነበሩም፤ ስለ ማን እንደምንጠይቅ ሳይገባቸው አልቀረም። «ጾም የሻረ ሰው የንስሐ አባት አለው። እናንተ መቼ ቀሰሳችሁ?» አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ።

ያን ሌሊት ለበዓሉ ቅዳሴ ቆምን። ጧፉ በርቶ፥ ካህናቱ ነጭ ለብሰው፥ ሴቶቹ በዝግታ እልል ሲሉ፥ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንወደው ሌሊት ነበር። እኛ ግን መቋሚያችንን ተደግፈን የምናስበው በአዲስ አበባ በአንድ ባዶ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻውን ስላደረው ሰው ነበር። በማግሥቱ ቅርጫው ተከፋፈለ፤ ዶሮው ተሠራ፤ ጌታና ሎሌ እኩል በሚሆኑበት ሜዳ ገና ተጫወትን። ምግቡ ጣፈጠን፤ አልጣፈጠንም ብንል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን እየበላን ሳለ አንዱ በድንገት «ዛሬ ምን በልቶ ይሆን?» ሲል የሁላችንም እጅ ጥቂት ቆመ።

ከበዓል ተመልሰን አዲስ አበባ እንደ ገባን ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ወደ ክፍሉ ሄድን። እናታችን የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ይዘን ነበር። በሩን ከፈተልን፤ አልተቈጣም፤ አልሣቀምም። ይቅርታ ስንጠይቀው ዳቦውን ተቀበለንና እንዲህ አለ፦ «ስለ ሥጋው የንስሐ አባቴ ጋ ሄጃለሁ፤ ቀኖናዬንም ተቀብያለሁ። ሚስተር ማለታችሁንም ከሳምንት በኋላ እረሳው ነበር። ታኅሣሥ 21 ግን ዳቦውን ገዝቼ ደጃችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ሣቃችሁን ስሰማ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቼም ልግባ ብዬ ደግሜ ስመጣ በሌላ ብርጭቆ ጀምራችሁ አገኘኋችሁ።»

ይህን ስንሰማ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊት ጥፋታችን ሣቃችን ብቻ ይመስለን ነበር። እሱ በደጃፍ ቆሞ ሳለ ከውስጥ ጸሎት እናደርስ እንደ ነበር አላወቅንም።

በዚያው ሰሞን የታሪኩ ተማሪ የጀመረውን መጽሐፍ ጨርሶ ሁለተኛውን ወሬ አመጣልን፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልተኩራራም። ሜቶዲስቶቹ በብሪስቶል ከተማ ስለ ሠሩት ቤት ዕዳ ነበረባቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1742 ዕዳውን ለመክፈል ሲመክሩ፥ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ ተባለ። አንዱ ተነሥቶ ብዙዎቹ ድኾች ስለ ሆኑ ያንን እንኳ መክፈል አይችሉም አለ። ካፕቴን ፎይ የተባለ ሰው ግን መልሶ፥ ከሁሉ ይልቅ ድኾች የሆኑትን አሥራ አንድ ሰዎች በእኔ ሥር አድርጉ፤ መክፈል ያልቻለውን ሰው እኔ እከፍልለታለሁ፥ ሌሎቻችሁም እንዲሁ አድርጉ የሚል አሳብ አቀረበ። እንግዲህ አሥራ አንዱና እሱ ሲደመሩ 12 ይሆናሉ፤ የእኛም አገር ማኅበር የሚጀመርበት ቍጥር ይኸው ነው። አለቆቹ ሳምንታዊውን ፔኒ ለመሰብሰብ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ የእያንዳንዱን ሰው ኑሮና ችግር በዓይናቸው አዩ፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራቸው ገንዘቡ መሆኑ ቀርቶ ሰውን መጠየቅ ሆነ። የሰነበተውም ማኅበራቸው የቆመው በዚህ ነው። የታሪኩ ተማሪ መጽሐፉን ዘጋና «የረቡዕና የዓርቡን ጾም አንብቤ ነበር የቆምኩት፤ ይህን ቀድሜ ባነበብኩ» አለ።

ጥር 21 ቀን፥ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፥ ማኅበራችን በጓደኛችን ክፍል ተሰበሰበ። በታኅሣሥ ብርጭቆውን የተቀበለው ልጅ ተራውን «የእኔ አይደለም» ብሎ መልሶ ነበር። ጓደኛችን ዳቦውን ቆረሰ፤ ሻዩን ቀዳ። እጀታዋ የተሰበረችውን ኩባያም ከመጻሕፍቱ መካከል አወጣት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧት ኖሯል። ሁሉ ነገር እንደ ቀድሞው ሆነ ብለን አንጽፍም። እስከ ዛሬ ድረስ ከሁላችንም ጋር ይሥቃል፤ የልቡን ነገር ግን ለሁሉ አይነግርም። የተሰበረ እጀታ ቢጣበቅም መስመሩ ይታያል፤ ቢሆንም ሻይ ይጠጣበታል።

ውድ አንባቢያን፤ ከዚህ የተማርነውን በጥቂት ቃል ልናስቀምጥ እንወዳለን። አንደኛ፥ በበዓል ሰሞን ታማኝ ሆኖ መቆየት በየሰዉ ጉልበት ብቻ የሚሆን ነገር አለመሆኑን አወቅን። አገር ቤት ሳለን ጠንካሮች የመሰልነው አገሩ አብሮን ስለ ጾመ ነው፤ እዚህ ደግሞ አገር የምንሆነው እኛው አንዳችን ለአንዳችን ነን። ሁለተኛ፥ የባልንጀራን ሳሕን መቆጣጠር ጾም አይደለም፤ ለዚያ ካህን አለው። የእኛ ድርሻ ያልመጣውን ሰው ወጥቶ መፈለግ ነው። በሩ ከፍተን ቢሆን ኖሮ ደጃፋችን ላይ ነበር። ሦስተኛ፥ ሁሉም ተሳፍሮ በሚሄድበት ቀን ማን እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር መጠየቅ ያስፈልጋል። የአንድ ሰው የመሳፈሪያ ገንዘብ ለስድስት ሰው ቢከፋፈል ብዙ አይደለም።

ይህን የምንለው ለማኅበራችን ሰዎች ብቻ አይደለም። ሙስሊም ወንድሞቻችን በረመዳን ማፍጠሪያቸውን ሲካፈሉ አይተናል፤ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩትም የየራሳቸው ጉባኤ አላቸው። ሃይማኖቱ ቢለያይም በየክፍላችን ውስጥ አንድ ተራው ያለፈው፥ የተሣቀበትና ደጃፍ ድረስ መጥቶ የተመለሰ ሰው አይጠፋም።

ጾሙ በገባ ቍጥር፥ ኅዳር 21 ቀን ኩባያዋ ለታኅሣሥ ተረኛ ስትሰጥ፥ ሙሴያችን ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ማን ቀረ?» ይላል። መልሱ «ማንም» እስኪሆን ድረስ ዳቦው አይቆረስም። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ይወጣል፤ ደረጃውን ሲወርድ እንሰማዋለን፤ ሁለት ሰው ሲወጣም እንሰማለን።